ምስሩ የፈላበት ሰዓት

የሲት ነዝሃ ባዋብ ብሬከር በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ወርዶ አያውቅም።

በባሕር ዳርቻዋ ሳይዳ ከተማ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ባለው አሮጌ ሕንጻ፣ የስምንቱም ቤት ብሬከሮች ከደረጃው ሥር ባንድ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ተደርድረዋል። የመንግሥት መብራት በቀን ለሁለት ሰዓት ብቅ ብሎ ይሄዳል፤ ቀሪውን የሰፈሩ ጄነሬተር ይሸፍናል። ጄነሬተሩ ለአንድ ቤት የሚሰጠው አምስት አምፔር ነው። በዚያ አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ ይሠራሉ። ከዚያ በላይ ያማረው፣ ካውያ የሰካ ወይም ልብስ ማጠቢያ የከፈተ፣ ወዲያው ይጨልምበትና እየተራገመ ወርዶ ብሬከሩን ያነሣል። ሰፈሩ ‹ሲት›፣ እመቤት፣ ብሎ የሚጠራት ነዝሃ ግን ሠላሳ አራት ዓመት ባልትና ያስተማረች ሴት ናት። የጎረቤት ሕንጻ ላይ የጋዝ ሲሊንደር ፈንድቶ ሦስት ሰው ከገደለ ወዲህ ጋዝ ከቤቷ አስወጥታ በኤሌክትሪክ ስቶቭ ብቻ ታበስላለች፤ ያም ሆኖ ለብሬከር ብላ ደረጃ ወርዳ አታውቅም።

ስለዚህ ያን ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከአሥር ላይ የመንግሥት መብራት ሄዶ ጄነሬተሩ ሲተካ፣ የፊት ለፊት ጎረቤቷ ኡም ዚያድ የራሷን ልታነሣ ወርዳ የነዝሃን ብሬከር ወርዶ ብታየው ገረማት። አነሣችው። ተመልሶ ወረደ። ደግማ አነሣችው፤ አሁንም ወረደ።

«ዛሬስ መምህርቷም ተሳሳተች» አለች ለራሷ፣ ደስ ሳይላት አልቀረም። ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ በሩን አንኳኳች። መልስ የለም። ከበሩ ሥር የአረረ ምስር ሽታ ይወጣል። ነዝሃ ቤት ደግሞ ምንም ነገር አርሮ አያውቅም። በአደራ የተሰጣትን ቁልፍ አምጥታ ከፈተች።

ሲት ነዝሃ ከስቶቩ ፊት በጀርባዋ ተዘርግታለች። ትልቁ ድስት አጠገቧ ተደፍቷል። ምስሩ ከአንገቷ እስከ ጉልበቷ ፈስሶባት፣ ወለሉ ላይ ተንጣልሎ፣ እንደ ጭቃ ረግቷል። የቆስጣ ቅጠል ጉንጯ ላይ ተለጥፏል። ዝንቦቹ ከኡም ዚያድ ቀድመው ደርሰው ነበር።

* * *

ሻምበል ነዲም አትዊ ሰባት ሰዓት ሲሆን መጣ። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ሁለት ሴት ልጆቹን ያሳደገው ራሱ እያበሰለ ነው። ስለዚህ ወጥ ቤት ሲገባ ሌላ መርማሪ የማያየውን ያያል።

ዶክተር ሃላ ከሬሳው አጠገብ ተንበርክካለች። ጫማዋን ምስሩ እንዳይነካው ጋዜጣ አንጥፋለች።

«ጎረቤቶቹ አንሸራቷት ወድቃ ነው፣ ድስቱ ተደፋባት ይላሉ» አለች ቀና ሳትል። «እንዲያ አይደለም። ሕይወት ያለው ሰው በፈላ ነገር ሲቃጠል ቆዳው ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል። ይሄ ተልጧል እንጂ አልቀላም። ሾርባው ሲፈስባት ልቧ ቆሞ ነበር።»

«ምን ገደላት?»

«የዚህ የእብነ በረድ መደርደሪያ ጠርዝ። ከኋላ ነው የመታት። ሁለቱም ክንዷ ላይ ደግሞ የጣት ምልክት አለ። አንድ ሰው ጨምድዶ ይዞ ገፍትሯታል።»

ሻምበሉ ጎንበስ ብሎ የተደፋውን ድስት አየው። ብዙ ሬሳ አይቷል። ሰው ከገደሉ በኋላ ምሳ ሲደፉበት ግን አላየም።

ወደ ስቶቩ ዞረ። ባለ ሁለት ፕሌት ነው፣ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። የትልቁ ማዞሪያ ስድስት ቁጥር ላይ ነው። ፕሌቱ ላይ የፈሰሰው ምስር ከስሎ ጠቁሯል፣ ብረቱ ገና ለብ ይላል። የኤሌክትሪክ ገመዱ አዲስ ነው፤ ሶኬቱን ነቅሎ ፈታው። የመሬት ሽቦው ሳይቀር ጥንቅቅ ተደርጎ ታስሯል። ከስቶቩ በላይ ሁለት የድስት መያዣ ጨርቆች በሚስማር ተንጠልጥለዋል፤ ንጹሕና ደረቅ ናቸው።

ከጨርቆቹ ጎን፣ በመምህር የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ቀለሙ ገና አልደበዘዘም። ቀኑ የትናንት ነው።

ለወንድሜ ለሙኒፍ፣ ይላል። ትልቁን ፕሌት የምታበራው የመንግሥት መብራት ሲኖር ብቻ ነው። በጄነሬተር ጊዜ ትንሹን፣ እሱንም ከሦስት ቁጥር አታሳልፍ። ቂጡ የጎበጠ ድስት አትጣድ፣ ሙቀቱን ለአየር ነው የሚሰጠው። ድስቱ ፕሌቱን ይሸፍን። ክዳን አትርሳ። ሊበስል አሥር ደቂቃ ሲቀረው አጥፋው፤ ብረቱ ሙቀቱን ስለሚይዝ በዚያው ይጨርሰዋል። የእኛ ድስት እጀታው ራሱ ይግላል፣ በባዶ እጅህ እንዳትይዘው። የሞላ ድስት አታንሣ፣ በጭልፋ አውጣ። ስታጸዳ ከሶኬቱ ንቀልና እስኪቀዘቅዝ ቁጭ በል። በመጀመሪያው ቀን ባይሆንልህ አትናደድ፣ እኔም የተማርኩት እያሳረርኩ ነው።

ሻምበል ነዲም ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ስለ ወንድምየው ጠየቀ።

* * *

ኡስታዝ ሙኒፍ ባዋብ ሳሎን ተቀምጧል። ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ፍርድ ቤት በመዝገብ ሹምነት ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ኮቱን በዚያ ሙቀት አላወለቀም። ቀኝ እጁን ኮት ኪሱ ውስጥ ከትቷል።

«መስኮት የሚከፍት ሰው የለም እንዴ? ይሄ ሽታ አናቴን ሊያፈርሰው ነው» አለ ሻምበሉ ሲገባ።

«አላህ ይዘንላት፣ ኡስታዝ።»

«አሚን። ሻምበል፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ያንን ሹክሪ የሚባል ኤሌክትሪሲያን ያዙት። በየሳምንቱ ስቶቩን እሠራለሁ እያለ ይመጣል። ዛሬም መጥቷል። ወይ ሽቦው ጨበጣት፣ ወይ ደግሞ...» ትከሻውን ነቀነቀ። «አለቃህንም በስልክ ነግሬዋለሁ።»

እውነቱን ነው። አለቃው ከሩብ ሰዓት በፊት ደውሎ «ኤሌክትሪሲያኑን ያዝና ጨርስ» ብሎታል። ሹክሪ ተይዞ መጥቶ አሁን ደረጃው ላይ ከረዳቱ ከሳጅን ኢልያስ አጠገብ ቁጭ ብሏል።

«ከቤት ስንት ሰዓት ወጡ?»

«ሦስት ሰዓት ተኩል። ወደማዘወትረው ቡና ቤት። ኡም ዚያድ ስወርድ አይታኛለች። ከዚያ በባሕሩ ዳር ስዘዋወር ቆየሁ። የተመለስኩት ስልክ ተደውሎልኝ ነው።»

«ሲወጡ እህትዎ ምን ታደርግ ነበር?»

«ታበስል ነበራ። ምስሩ ትልቁ ፕሌት ላይ ሆኖ እየተንፈቀፈቀ፣ ክዳኑ እየዘለለ። እንዲያውም ‹ተጠንቀቂ፣ ይደፋብሻል› ብያት ነው የወጣሁት። አልሰማችም። ሴት ወንድሟን መቼ ሰምታ ታውቃለች?»

«ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ይፈላ ነበር?»

«አልኩህ እኮ። ክዳኑ እየዘለለ።»

ሻምበሉ ጻፈ። ኡም ዚያድ በር ላይ ብቅ አለች። ዓይኗ አብጧል፣ እጇ ላይ ትሪ ይዛለች፤ ዳቦ፣ ላብኔ የሚሉት ወፍራም እርጎና ወይራ።

«ኡስታዝ የሚበላ ነገር ብሎኝ...» አለች ሻምበሉን ቀና ብላ ሳታይ። «ሐዘን ላይ ያለ ሰው እምቢ አይባልም።»

ሙኒፍ ትሪውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ዳቦውን በጥርሱ ይዞ በግራ እጁ ቆረሰው፣ ላብኔውን በግራው ጠቅልሎ ጎረሰ። እህቱ አሥር እርምጃ እልፍ ብሎ ወለል ላይ ተዘርግታለች፤ አንድ ዝንብ ከወጥ ቤቱ መጥታ የትሪው ጠርዝ ላይ አረፈች። እሽ አላትና ሌላ ጎረሰ።

«ጨው አንሶታል» አለ።

ሻምበል ነዲም ደብተሩን ዘግቶ ወጣ።

* * *

ኡም ዚያድ የራሷ ቤት ውስጥ ስትቀመጥ አንደበቷ ተፈታ።

«በግራ እጁ ሲበላ አዩት?» አለች። «ጎረቤት ከሆንን ሃያ ስምንት ዓመታችን ነው፤ ልጆቼን በግራ ሲበሉ ካየ የሚቆጣ ሰው ነበር። ሐዘኑ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።»

«ዛሬ ጠዋት ነዝሃን አይተዋታል?»

«ሁለት ጊዜ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ወንድሟ ሲወጣ በሩ ክፍት ነበር፣ ጠረጴዛ ላይ ምስር ስትለቅም አየኋት። አራት ሰዓት ላይ ደግሞ ኤሌክትሪሲያኑን ሙዓለም ሹክሪን በር ድረስ ስትሸኘው። ቀሚሷ አዲስ ነበር።» አፏን በሻሿ ጫፍ ከደነች። «‹አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፣ ማታ ነይ› ብላኝ ነበር።»

«ከአራት ሰዓት በኋላስ?»

«አራት ሰዓት ከአሥር ላይ መብራት መጣ። ወንድሜ፣ መብራት ሲመጣ እዚህ ሕንጻ ውስጥ ቂያማ፣ የዓለም መጨረሻ ነው። ስምንት ልብስ ማጠቢያ ባንድ ጊዜ ይነሣል፣ ውኃ መሳቢያው ይጮኻል፣ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ይሮጣል። ሰው ቢታረድ አይሰማም።» ያለችውን ሰምታ ደነገጠች።

«ምስር ስትለቅም ነበር አሉኝ። ድስቱ ተጥዶ ነበር?»

«በምን መብራት? እሷ ትልቁን ድስት የምትጥደው መብራት ሲመጣ ነው። እኛ በቀን ሦስቴ ስንወርድ እሷ ትስቅብን ነበር። ‹እናንተ ስቶቭ ታዛላችሁ፣ እኔ ግን እሰማዋለሁ› ትላለች።»

ቀጥሎ የሙኒፍ ልጅ ላሚስ ነበረች። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት፤ እስከ ስድስት ሰዓት እዚያ መሆኗን ሐኪሙ በስልክ አረጋግጧል። እግሯ አጠገብ የፌስታል ቦርሳ አለ፤ ባዶ የምግብ ዕቃዎች ይታዩበታል።

«በየቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እመጣለሁ» አለች። «አክስቴ ለእኔና ለባሌም ታበስላለች። መብራት ከመጣ በኋላ ስለሆነ የሚበስለው፣ ቀደም ብሎ መምጣት ዋጋ የለውም።»

«አዲስ ቀሚስ ለብሳ ሹክሪን ሸኘች፣ ለወንድሟም የማብሰያ መመሪያ ጻፈች። ልታገባ ነበር፣ አይደል?»

ላሚስ ጥፍሯን አየች። «ትናንት ነገረችኝ። ለአባቴ ዛሬ እነግረዋለሁ አለች። እኔ... ስልኩን ዘጋሁባት። በስልሳ አንድ ዓመቷ፣ ሻምበል። ሰው ምን ይላል? አባቴንስ ማን ያያዋል?»

«አንቺ የለሽም?»

«እኔ ሥራ አለኝ» አለች፣ የተሰደበች ያህል።

ሙዓለም ሹክሪ የመጨረሻው ነበር። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ መዳፉ የሻከረ። ሳጅን ኢልያስ እጁን አስሮታል። ሻምበሉ እስሩን አስፈታና እጆቹን ገልብጦ አየ። ጠባሳ ሁሉ የቆየ ነው።

«ስቶቩ ምን ሆኖ ነበር?»

«ምንም። ገመዱን ባለፈው ሳምንት ቀይሬዋለሁ። ልዋሽዎት አልፈልግም፣ ዛሬ የመጣሁት እሷን ለማየት ነው።» ቀስ ብሎ ቀጠለ። «መጀመሪያ የጠራችኝ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ሌላ ቤት ስሄድ ፕሌቱ በቅባትና በአረረ ነገር ተለብዶ አገኘዋለሁ፣ እጄን ለማስገባት ያስጠላኛል። የእሷ እንደ መስታወት የጠራ ነው። የተበላሸውንም ራሷ ነገረችኝ፣ ‹ትንሹ ፕሌት ከአራት ቁጥር በኋላ አይሰማም› አለች። ልክ ነበረች። እንዲህ ያለች ሴት አይቼ አላውቅም።»

«አራት ሰዓት ላይ ወጡ። የት ሄዱ?»

«ወደ ሱቄ። ብቻዬን ነበርኩ። ምስክር የለኝም።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «‹መብራት ሲመጣ ምስሩን እጥዳለሁ፣ ላንተም አስቀምጥልሃለሁ› ብላኝ ነው የተለያየነው።»

ሻምበል ነዲም ሳጅን ኢልያስን ወደ ቡና ቤቱ ላከው። ሳጅኑ ቦርጫም፣ ደረጃ የማይወድ፣ ግን የተነገረውን የማይረሳ ሰው ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እያለከለከ ተመለሰ።

«ኡስታዝ ሙኒፍ ካርታ ሲጫወት ነበር» አለ። «የሹክሪ አጎት ልጅ ገብቶ ‹መብሩክ፣ እንኳን ደስ አለህ፣ ዘመድ ልንሆን ነው› አለው። ፊቱ ዐመድ መሰለ ይላሉ። ቡናውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ። አራት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር።»

«ወደ የት?»

«ወደ ባሕሩ አይደለም፣ ጌታዬ። ወደዚህ።»

* * *

ሬሳው ከመነሣቱ በፊት ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው። ላሚስ ከአባቷ ጎን ተቀመጠች። ኡም ዚያድ በር አጠገብ፣ ሹክሪ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ዶክተር ሃላ ጓንቷን እያወለቀች ገባች። ሙኒፍ ትሪውን ባዶ አድርጎ ወለሉ ላይ አስቀምጦታል።

«ነዝሃ ባዋብ አንሸራቷት አልሞተችም» ሲል ጀመረ ሻምበሉ። «አንድ ሰው ክንዷን ይዞ ገፈተራት፣ ራሷን እብነ በረድ መታት፣ ሞተች። ከሞተች በኋላ ነው የፈላ ድስት የተደፋባት፣ አደጋ እንዲመስል። ይሄን ያደረገው ሰው ስለ ወጥ ቤት የሚያውቀው ነገር የለም።»

እጁን ወደ ወጥ ቤቱ ዘረጋ።

«ድስት ከፕሌት የምታነሣ ሴት ብትሆን መጀመሪያ ታጠፋዋለች፤ እሷ ደግሞ አሥር ደቂቃ ቀድማ ነው የምታጠፋው። እኔ ስደርስ ማዞሪያው ስድስት ላይ ነው። መያዣ ጨርቆቹ ከቦታቸው አልተነኩም። ደግሞም ነዝሃ የሞላ ድስት አታነሣም፣ በጭልፋ ነው የምታወጣው። እንዲያው ድስት ሊያነሣ የሚሞክረው አብስሎ የማያውቅ ሰው ነው። ፕሌቱ ሲነድ ቀረ። ስድስት ሰዓት ከአሥር ላይ መብራት ሄዶ ጄነሬተሩ ሲገባ አምስት አምፔሩ አልቻለውም፣ ብሬከሩ ወረደ። ኡም ዚያድ የመጣችው በዚያ ነው።»

«ይሄ ሁሉ ያንን ሰውዬ አያድነውም» አለ ሙኒፍ በአገጩ ወደ ሹክሪ እያመለከተ። «የመጨረሻው እሱ ነው።»

«እሱ ሲወጣ በሕይወት ነበረች። ኡም ዚያድ አይታታለች። አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ኡም ዚያድ፣ በዚህ ቤት ትልቁ ፕሌት መቼ ነው የሚበራው?»

«መብራት ሲመጣ።»

«ላሚስ?»

«መብራት ሲመጣ» አለች ላሚስ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ሙዓለም ሹክሪ?»

«በአምስት አምፔር ትልቁን ቢከፍቱት ሰከንድ አይቆይም።»

«ኡስታዝ ሙኒፍ፣ እርስዎስ?»

ሙኒፍ አንዱን ከአንዱ እያየ ቆየ። ፊቱ ላይ የነበረው ፍርሃት አልነበረም፤ ግራ መጋባት ነበር። ዓመታት የበላበት ምድጃ በምን እንደሚነድ አስቦ አያውቅም።

«ማዞሪያውን ስታዞረው ነዋ» አለ።

«ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ምስሩ ትልቁ ፕሌት ላይ ሲፈላ፣ ክዳኑ ሲዘል አየሁ ብለውኛል። በዚያ ሰዓት የመንግሥት መብራት አልነበረም። ምስሩ ገና እየተለቀመ ነበር። መብራት የመጣው አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። ያን የሚያህል ድስት በብረት ፕሌት ላይ ለመፍላት አርባ ደቂቃ ይፈጅበታል። ስለዚህ ያ ክዳን የዘለለው አምስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ነው። አልዋሹም፣ ክዳኑ ሲዘል በእርግጥ አይተዋል። የዋሹት ሰዓቱን ነው። ቡና ቤት ውስጥ መብሩክ የተባሉት አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ተነሥተው ወደዚህ መጡ። ማጠቢያ ማሽኑ ሁሉ እየጮኸ ስለነበር የሰማችሁ የለም።»

«ይሄ ግምት ነው» አለ ሙኒፍ። «ሠላሳ አምስት ዓመት ፍርድ ቤት ሠርቻለሁ። ግምት ማስረጃ አይሆንም።»

«ልክ ነዎት። ቀኝ እጅዎን ያውጡት።»

ሙኒፍ አልተንቀሳቀሰም። በመጨረሻ ላሚስ እጇን ሰድዳ የአባቷን ክንድ ከኪሱ ሳበችው። አራቱ ጣቶች ውስጣቸው ቀልቶ፣ ውኃ ቋጥሮ፣ አንዱ ፈንድቶ ከኪሱ ጨርቅ ጋር ተጣብቆ ነበር። የኮቱ እጅጌ ጫፍ ላይ ምስር ደርቋል። ላሚስ እጁን እንደ ቆሻሻ ዕቃ ለቀቀችው።

«መጀመሪያ በባዶ እጅዎ ያዙት» አለ ሻምበሉ። «ሲያቃጥልዎ በኮትዎ እጅጌ ይዘው ደፉት። እጀታው እንደሚግል እህትዎ ጽፋልዎት ነበር። ትልቁ ፕሌት መቼ እንደሚበራም ጽፋልዎት ነበር። ያንን ወረቀት አንብበውት ቢሆን ዛሬ ምናልባት እኔን ያታልሉኝ ነበር።»

ሙኒፍ እጁን መልሶ ጭኑ ላይ አኖረ። ሲናገር ድምፁ የተበደለ ሰው ድምፅ ነበር።

«እየተማጠንኳት ነበር የመጣሁት» አለ። «በዚህ ዕድሜሽ ምን ጎድሎሽ ነው አልኳት። እሷ ወደ ግድግዳው ወሰደችኝ። ወረቀቱን አሳየችኝ። ‹እዚህ ቁም፣ ምስሩ ሲፈላ እይ፣ ነገ ራስህ ታበስላለህ› አለችኝ። ለእኔ። ባትስቅ ኖሮ ምንም አልነበረም። ‹ሙኒፍ፣ አትፍራ፣ ድስት አይበላህም› ብላ ሳቀች።» ቀና አለ። «ሸሚዜን ማን ሊተኩስልኝ ነበር? ማን ሊያበስልልኝ ነበር? አስባበት ነበር?»

ዶክተር ሃላ ፊቷን አዞረች። ኡም ዚያድ ወደ ትሪው ሄደች፣ አነሣችውና፣ ሳህኑን፣ ብርጭቆውን፣ የወይራውን ፍሬ ሳይቀር አንድ ላይ ጠቅልላ ከሳሎኑ መስኮት ወደ ጓሮ ወረወረችው። ሲሰበር ሁሉም ሰማው።

«አላህ ይቅር ይበለኝ» አለች። «በእጄ አጉርሼዋለሁ።»

* * *

ሬሳውን ሲያወርዱ ሹክሪ ደረጃው ላይ ቆሞ ወገቡን ጎንበስ አደረገ። ለመከተል አልደፈረም፣ ምንም ዝምድና የለውም። ኡም ዚያድ እጁን ያዘችው።

«እጮኛዋ አይደለህም እንዴ? ከፊት ነው የምትሄደው» አለችው። «የሚያወራ ካለ እኔን ይጠይቅ።»

ሹክሪ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ከቃሬዛው አጠገብ ወረደ። ላሚስ ብቻዋን ሳሎን ቀረች። ወጥ ቤቱን ማን እንደሚያጸዳው ሳጅን ኢልያስን ጠየቀችው። ሳጅኑ አይቷት ደረጃውን ወረደ።

ሻምበል ነዲም ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ። ሙኒፍ ከሳጅን ኢልያስ ጋር ከኋላ ነው፣ ዶክተሯ እጁን በፋሻ ጠቅልላለታለች። መኪናው የዓሣ ገበያውን አልፎ በባሕሩ ዳር ተጓዘ። ሙኒፍ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን አጸዳ፤ ምናልባት ስለ እህቱ ሊናገር ይሆናል ብሎ ሻምበሉ ጆሮውን ሰጠ።

«ሻምበል» አለ ሙኒፍ በመጨረሻ። «እዚያ እራት ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚሰጡት?»

ሻምበሉ ሹፌሩን አቁም አለው። በሩን ከፍቶ ወረደ፣ እስረኛውን ለሳጅን ኢልያስ ተወለት፣ ቀሪውን መንገድ በእግሩ ሄደ።